ሰባተኛ ወር ላይ ትንፋሽ ሲያጥር

እህቴ፣ «ሰባተኛ ወሬ ነው፤ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ልጄ ይታፈን ይሆን?» ላልሽው፦ አይዞሽ፣ ብዙ እርጉዞች ላይ የሚታይ ነው፤ ልጅሽን አያፍነውም። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት በረጅሙ እንድትተነፍሺ ያደርጋል። ኋላ ደግሞ ማህፀን ከፍ ሲል ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋዋል።

እኔም በሁለተኛዋ ልጄ ጊዜ እንዲሁ ነበርኩ። ከገበያ አንድ ፌስታል ሽንኩርት ይዤ ባጃጁ ጋ ሳልደርስ ዘንባባው ሥር ቆሜ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር። የባሕር ዳር ሙቀት ሲጨመርበትማ ተዪው! እርግዝናው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ክትትል ላይ ስመረመር ግን ደም ማነስ ተገኘብኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ የደምሽን መጠን አሳዪ። አይረን (ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒን) ከታዘዘልሽ ከቡና ጋር እንዳትወስጂው፤ ቡናም ሻይም ሰውነት አይረኑን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። (አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን መተው እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ።)

ማታ ትራስ ደርበሽ በግራ ጎንሽ ተኚ። የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች ሲወርድ ብዙዎቻችን ቀለል ይለናል።

ግን ትንፋሹ በድንገት ካጠረሽ፣ ቁጭ ብለሽም ካልተሻለሽ፣ ወይም ትንፋሽ አጥሮሽ ጋደም ማለት ካቃተሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ደረትሽን ከወጋሽ፣ ደም ካሳለሽ፣ አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ ወይም ከንፈርሽ ከጠቆረም እንደዚያው። ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሰሽ ሆስፒታል ሂጂ።