መልስ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ የቤት ሽያጭና ግምት ፈቃድ

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሰው ቤት በማሻሻጥና የቤት ዋጋ በመገመት ሥራ ለመሰማራት ዲግሪ ያስፈልጋል ወይ ብለሃል። ለሽያጩ አያስፈልግም። 18 ዓመት ሞልቶህ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረስክ የ60 ሰዓት ኮርስ ትወስዳለህ፣ ትፈተናለህ፣ አሻራ ትሰጣለህ። ፈቃዱን ብታገኝም የምትሠራው በብሮከር፣ ማለትም ሌሎች ሻጮችን በሚቆጣጠር ከፍ ያለ ፈቃድ ባለው ሰው ሥር ነው። ራስህ ብሮከር ለመሆን 180 ሰዓት ትምህርትና ከመጨረሻዎቹ 48 ወራት ቢያንስ 36ቱን በሥራው ላይ መቆየት ይጠይቃል።

አፕሬዘርነት፣ ማለትም የቤት ዋጋ ገማችነት፣ ሌላ መንገድ ነው። ሰልጣኝ ለመሆን ቢያንስ 75 ሰዓት ትማራለህ፤ ለመጀመሪያው ፈቃድ ቢያንስ 150 ሰዓት ትምህርትና 1,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ባችለር ዲግሪ ግዴታ የሚሆነው ትልልቅ የንግድ ሕንፃዎችን ጭምር ለሚገምተው ደረጃ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ከባዱ እሱ ሥር እየሠራህ የልምዱን ሰዓት የሚያስቆጥርህ ባለፈቃድ አፕሬዘር ማግኘት ነው፤ ነገ ተፎካካሪው የሚሆን ሰው ማሠልጠን ማን ይወዳል? ለኮርሱ ሳትከፍል በፊት እሱን አፈላልግ።