የሚቃዥ ሰው ድምፅ እንዴት ይቀረጻል ብላ ለጠየቀችኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ የሚቃዥ ሰው ድምፅ እውነት እንዲመስል እንዴት ነው የሚቀረጸው?» አለችኝ። ብቻዋን በቆመች ቤት ውስጥ ቅዠት ስለሚያሠቃያት ሴት አስፈሪ ፊልም ልትሠራ ነው። ማይኩ የት ቢቀመጥ እንደሚሻል ነግሬያት ተለያየን። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ነገሩን ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኳት፤ ቀሪውን ለእሷም ለእኩዮቿም እጽፋለሁ።

በ1998 ዓ.ም. እኛም እንዲሁ ያለ ፊልም ልንሠራ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ዘጌ ገባን። ድምፅ የምቀርጸው እኔ ነበርኩ። ቤቷ የቡናው ደን ከሚያልቅበት፣ ከውኃው ትንሽ ፈቀቅ ብላ ለብቻዋ የቆመች፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነበረች። በስክሪፕቱ ክፉው መንፈስ የሚወጣው «ጥልቀቱ መጨረሻ ከሌለው» ሐይቅ ነው። ጀልባ ነጂያችን ይህን ሲሰማ ከፋው። «ዳር ዳሩን በታንኳ ስንሄድ በዘንግ መሬቱን እየነካን ነው ያደግነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በጠለቀበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዳይሬክተሩ ግን አልቀየረውም። ያን ጊዜ እኔም የዳይሬክተሩን ሐሳብ ደገፍኩ፤ ዛሬ ቢሆን ከጀልባ ነጂው ጋር እቆም ነበር።

እዚያ አገር ፍርሃት ፈጥሮ ማምጣት አያስፈልግም። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ግሎ ይለጠጣል፤ ሲመሽ ቀዝቅዞ ይኮማተራል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ያ ጣሪያ ሰው በላዩ እየተራመደ ይመስል ጠቅ፣ ጠቅ ይል ነበር። ሌሊት ጉማሬ ሣር ፍለጋ ከውኃ ይወጣል፤ ሲያጓራ ድምፁ በሐይቁ ላይ ተንከባሎ መኝታችን ድረስ ይመጣል። ሰሞኑን ግን ከእናንተ በአንዱ ፊልም ጣና ዳር ተኩላ ሲያላዝን ሰማሁ፤ ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ተኩላ! ሄድፎን ከጆሯችሁ አይወርድም፣ አካባቢያችሁን መስማት ግን ትታችኋል። ይህ ያሳዝነኛል።

ቤቷን የሚጠብቁት አንድ እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እማማ ነበር የምንላቸው። የእኔንና የእሳቸውን መኝታ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በሁለተኛው ሌሊት ዱካክ ተጫናቸው። መጀመሪያ ከሩቅ የታሰረ ጥጃ መሰለኝ። አፍ ሳይከፈት፣ ከጉሮሮ ሥር «እምምም» ብሎ ይጀምርና ትንፋሽ አጥሮት ይቆረጣል፤ ደግሞ ይጀምራል። ሐኪሞች ስለዚህ የሚሉትን ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎቻችንን እንዳይንቀሳቀሱ ይይዛቸዋል፤ አእምሮ ቀድሞ ከነቃ ገላ እንደታሰረ ይቆያል። ሰውየው ይሰማል፣ ለመጮኽ ይታገላል፣ የሚወጣለት ግን ያ ማቃሰት ብቻ ነው። በጀርባ ሲተኙ ይብሳል። ያን ሌሊት ይህን አላውቅም ነበር። ዱካክ የያዘው ሰው ሲነኩት እንደሚለቀው ግን ከልጅነቴ አውቃለሁ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ «በስመ አብ» እያለች ስንት ጊዜ አላቃኛለች።

ተነሥቼ በሩን ማንኳኳት ሲገባኝ ማይኩን አነሣሁ። ግድግዳው በተፈረፈረበት ቀዳዳ አስጠጋሁት፣ ሄድፎኑን አጠለቅሁ፣ መቅዳት ጀመርኩ። በካሜራው መስኮት ላይ የድምፅ መለኪያው አረንጓዴ መሥመር ከእስትንፋሳቸው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ቆጣሪው 3 ደቂቃ ከ40 ላይ ሲደርስ ማቃሰቱ ሳግ ሆነ፤ ነቁ። ውኃ ሲጠጡ ጣሳው ጥርሳቸውን ሲነካ ተሰማኝ። እሱንም ቀዳሁት።

ጠዋት ቡና እየቆሉ «ልጄ፣ ሌሊት ስጮኽ አልሰማኸኝም?» አሉኝ።

«አልሰማሁም፣ እማማ።»

«እሰይ፤ እንቅልፍህን የነሳሁህ መስሎኝ» ብለው አቦሉን መጀመሪያ ለእኔ ቀዱልኝ።

ፊልሙ ባሕር ዳር ሲታይ ያ ድምፅ ሲመጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሰዉ የተዋናይዋ ድምፅ መስሎት እሷን አመሰገነ፤ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ የተሻለ ድምፅ ቀርጬ አላውቅም፤ ይህን አልክድም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ዘጌ ሄጄ እማማን አግኝቻቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ቡና አፈሉልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

ስለ ካሜራና ስለ መብራት ምንም አልጽፍም፤ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። ተኩላውን ግን ከላይ ነቅፌዋለሁ፤ አሁን ሳስበው፣ የሰውን ጭንቅ ሳያስፈቅዱ ከመቅዳት ያ የፈረንጅ ተኩላ ይሻል ነበር።

ያን ድምፅ የቀዳሁበት ሚኒ ዲቪ ካሴት እስካሁን ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። የሚያጫውተው ካሜራ ከተበላሸ ቆይቷል፤ አላስጠገንኩትም።

አንቺ ልጅ፣ ድምፁ ካስፈለገሽ ማይክሽን ይዘሽ ቤቴ ነይ። ዕድሜዬ ሲገፋ ዱካክ እኔንም መጫን ጀምሯል፤ እንዴት እንደሚያቃስት ቁጭ ብዬ አሰማሻለሁ፣ የፈለግሽውን ያህል ቅጂ። በመሐል እንቅልፍ ወስዶኝ እውነተኛው ከመጣብኝ ግን ማይኩን አስቀምጪና ቀስቅሺኝ።