የኔዘርላንድስ ምርጫ ስሌት ለምን አልገጠመም? የፒተር ሜርን መንገድ ለመከተል ለምትፈልገው እህታችን

እህታችን ሁለት ነገር ጠይቃለች። ለማስተርስ መመረቂያዋ በኔዘርላንድስ የ2021 እና የ2023 ምርጫዎች መካከል የታየውን የመራጮች መዋዠቅ፣ ማለትም ከፓርቲ ወደ ፓርቲ የተዘዋወረውን የድምፅ ድርሻ፣ አስልታ፣ ውጤቷ ሌሎች ካገኙት በጣም በለጠባት። ሁለተኛው፣ እንደ አየርላንዳዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ፒተር ሜር የአውሮፓን ፓርቲዎች ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር የሚል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሌቱ ልነሳ። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሞገንስ ፔደርሰን በ1979 ያቀረበው መለኪያ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፓርቲ በሁለቱ ምርጫዎች ያገኘውን የመቶኛ ድርሻ ታቀናንሻለሽ፣ የመቀነስ ምልክቱን ትተይዋለሽ፣ ልዩነቶቹን ሁሉ ደምረሽ ለ2 ታካፍያለሽ። ለ2 የሚካፈለው አንዱ ያጣው ድምፅ ሌላው ያገኘው ስለሆነ ሁለቴ እንዳይቆጠር ነው።

የሚያሳስተው ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ነው፤ ይህ ፓርቲ የቀድሞው ነው ወይስ አዲስ? የአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ግሩንሊንክስ በ2021 5.2 በመቶ፣ የሠራተኛ ፓርቲው ደግሞ 5.7 በመቶ አግኝተው ነበር። በ2023 በአንድ ዝርዝር ቀርበው 15.8 በመቶ አገኙ። የጋራ ዝርዝሩን እንደ አዲስ ፓርቲ ከመዘገብሽው 15.8 + 5.2 + 5.7 = 26.7፣ ለ2 ሲካፈል 13.35 ነጥብ ይሆናል። የሁለቱን የቀድሞ ድምፅ ደምረሽ ካነጻጸርሽ ግን 15.8 − 10.9 = 4.9፣ ለ2 ሲካፈል 2.45 ብቻ። አንድም መራጭ ሐሳቡን ሳይቀይር 10.9 ነጥብ ተጨመረ ማለት ነው። የአንቺም ትርፍ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ እዚያ ላይ ፈልጊው።

ፒተር ኦምትዚክት ያቋቋመው ኤንኤስሲ የተባለው ፓርቲ ከዚህ ይከብዳል። ሰውየው የክርስቲያን ዴሞክራቶቹን ፓርቲ ሲዲኤን የለቀቀው በ2021 ነው፤ ፓርቲውን ያቆመው በ2023። ሲዲኤ ከ9.5 ወደ 3.3 ወረደ፣ ኤንኤስሲ 12.9 አገኘ። እንደ አዲስ ከተቆጠረ የሁለቱ ድርሻ 9.55 ነጥብ ነው፤ ከሲዲኤ እንደተሰነጠቀ ከተቆጠረ 3.35። እኔ እንደ አዲስ እይዘዋለሁ፤ ምክንያቱም የወጣው አንድ የምክር ቤት አባል ነው እንጂ የፓርቲው መዋቅር አልተከፈለም። የተለየ አቋም ያለው ሰው አይሳሳትም። ስህተት የሚሆነው ውጤቱን ካዩ በኋላ ደንብ መምረጥ ነው። ስለዚህ ውህደትን፣ ክፍፍልንና የስም ለውጥን እንዴት እንደምትይዢ ከማስላትሽ በፊት በግማሽ ገጽ ጻፊና ለአማካሪሽ ላኪ። አከራካሪ ለሆኑት ሁለቱንም ቁጥር በሰንጠረዥ አሳዪ።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። የሁለቱን ምርጫዎች የውጤት ፋይሎች በፓርቲ ስም ስታገናኚ በሁለቱም ላይ የሚገኙትን ብቻ የሚይዝ ትእዛዝ ለኮምፒውተሩ ከሰጠሽ ኤንኤስሲ ጭራሽ ይጠፋል፤ መዋዠቁም ከእውነቱ ያንሳል። ሁሉንም ያዢና ባዶውን ሕዋስ በ0 ሙዪ። ከዚያ እያንዳንዱን አምድ ደምሪ፤ ከ100 ብዙ የራቀ ድምር ካየሽ የተረሳ ፓርቲ አለ። የምትጠቀሚው የድምፅ ድርሻ ይሁን፣ መቀመጫ አይደለም። በኔዘርላንድስ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ብሪታንያ ላይ ግን ሌበር በ2024 በ33.7 በመቶ ድምፅ ከ650 መቀመጫ 411 ወስዷል።

ሜርና ስቴፋኖ ባርቶሊኒ በ1990 ባሳተሙት ሥራ ከ1885 እስከ 1985 የተካሄዱትን የምዕራብ አውሮፓ ምርጫዎች ሲመረምሩ አንድ እርምጃ ጨምረዋል፤ ፓርቲዎቹን በግራና በቀኝ ጎራ ከፍለው በጎራዎቹ መካከል ያለውን መዋዠቅ ለብቻው አሰሉ። መራጩ በአብዛኛው በዚያው ጎራ ውስጥ ይዘዋወር እንደነበር የታየው በዚህ ነው። ፋይልሽ ላይ የጎራ አምድ ጨምሪ። መሃል ላይ ያለውን ሊበራል ፓርቲ ዲ66ን የት እንደምታስገቢ አስቀድመሽ ወስኚ፤ ጠያቂ መምህር መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ በ1951 የተወለደው ሜር የጀመረው ከአገሩ ከአየርላንድ ነው። የዚያች አገር ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች በግራና ቀኝ መስመር በደንብ አይለዩም ነበር፤ ይህም የተለመደውን መለኪያ እንዲጠራጠር አድርጎታል ብዬ አምናለሁ። በፍሎረንሱ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት ሃንስ ዳልደር በሚመራው የፓርቲ ሥርዓቶች ጥናት ላይ ሠራ፣ በ1987 በኔዘርላንድሱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ፣ በ1995 ከሪቻርድ ካትዝ ጋር «ካርቴል ፓርቲ» የሚለውን ሐሳብ (ፓርቲዎች በአባላት ፈንታ በመንግሥት ሀብት ላይ ተደግፈው እርስ በርስ ይተባበራሉ የሚለውን) አቀረበ። እስከ 2011 ሞቱ ድረስ የፓርቲ አባላትን ከመቁጠር አልቦዘነም። ከኢንግሪድ ፋን ቢዜንና ከቶማስ ፖግንትከ ጋር የሠራው ጽሑፍ በ2012 ሲወጣ፣ በ27 የአውሮፓ አገሮች የፓርቲ አባል የሆነው መራጭ በአማካይ 4.7 በመቶ ነበር።

ስለዚህ ለዶክትሬት ስታመለክቺ «የአውሮፓ ዴሞክራሲ» የሚል ሰፊ ርእስ አትያዢ። አንድ ወይም ሁለት አገር፣ አንድ መለኪያ፣ ግልጽ የአቆጣጠር ደንብ ይበቃል። ደች ማንበብም ጀምሪ። በ2023 አንደኛ የወጣው የቀኝ አክራሪው ፓርቲ ፒቪቪ ከመሪው ከኼርት ቪልደርስ በቀር አባል የሚሆንበት ሰው የለም፤ የአባላት ሰንጠረዥሽ ላይ ይህን እንዴት እንደምትመዘግቢ ለመወሰን የየፓርቲውን መተዳደሪያ ደንብ በራሱ ቋንቋ ማየት ይኖርብሻል።