ከቶርኖው ቀጥሎ ምን ይገዛ?

ጥያቄው የመጣው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ከሚኖሩ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ነው። በግቢያቸው ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ በ220 ቮልት የምትሠራ ያገለገለች ትንሽ የጠረጴዛ ቶርኖ፣ ማለትም ብረትን እያዞሩ የሚቆርጡባት ማሽን፣ አስገብተዋል። ማሽኗ ውፍረቱ እስከ 180 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ብረት ታዞራለች፤ በሁለቱ ጫፎቿ መካከል ያለው ርቀት 350 ሚሊ ሜትር ነው። አብሯት የመጣው ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ (ብረቱን ጨብጦ የሚያዞረው መያዣ) ብቻ ሲሆን፣ በእጃቸው የቀረው ገንዘብ ማሽኗን የገዙበትን ሲሶ ያህላል። ነጋዴው አንድ ሙሉ ሳጥን መቁረጫና የፍሬዛ ማያያዣ (መቁረጫው እየዞረ ብረቱ ላይ ቦይ እንዲያወጣ የሚያስችል ዕቃ) እንዲጨምሩ መክሯቸዋል። «ምን ልግዛ፣ ምን ልተው? ደግሞስ ብረት ስቆርጥ ማሽኗ ለምን እየተንቀጠቀጠች ትጮሃለች?» ይላሉ።

መምህር፣ ሳጥኑንም የፍሬዛ ማያያዣውንም ለጊዜው ይተዋቸው። ነጋዴው አታልሎዎታል ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም በቦታቸው የሚጠቅሙ ዕቃዎች ናቸው። ነገር ግን ቶርኖ ላይ ሥራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መቁረጫ ጠፍቶ ሳይሆን ብረቱ በደንብ ሳይያዝ ወይም በደንብ ሳይለካ ቀርቶ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብዎ መጀመሪያ ወደ መያዣና ወደ መለኪያ፣ ከዚያ በኋላ ወደ መቁረጫ ቢሄድ ይሻላል። እኔ ሥራ ስጀምር ያደረግሁት ተቃራኒውን ነበር። ጫፋቸው ላይ ካርባይድ የሚባል በጣም ጠንካራ ቁስ የተበየደባቸው አሥራ አንድ መቁረጫዎች ያሉበት ሳጥን ገዛሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የአራቱ ጫፍ ተሸረፈ፣ ከቀሩት አብዛኞቹ እስከ ዛሬ ከሳጥኑ አልወጡም።

ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። የሚወደው ከፍተኛ ፍጥነትና የማይነቃነቅ ከባድ ማሽን ሲሆን፣ እንደ እርስዎ ባለች ቀላል ማሽን ላይ ትንሽ ስትርገበገብ ጫፉ ይሄዳል፤ ሲደንዝም በተራው ግራጫ የግራይንደር ድንጋይ አይሳልም፣ አረንጓዴውን የሲሊከን ካርባይድ ድንጋይ ይፈልጋል። ለእርስዎ የሚስማማው ሃይ ስፒድ ከሚባለው የመቁረጫ ብረት የተሠራው አራት ማዕዘን ቁራጭ ነው። ጎኑ 8 ሚሊ ሜትር የሆነውን አራት ወይም አምስት ፍሬ ይግዙ፤ ከዚያ በፊት ግን የማሽንዎ መቁረጫ መያዣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያስገባ ይለኩ። ከእነሱ ጋር ባለ ሁለት ድንጋይ የጠረጴዛ ግራይንደር ያስፈልግዎታል። ግራይንደሩ ከመቁረጫዎቹ ይወደዳል፤ ሆኖም ፑንታም ሆነ መሮ የሚስለው እሱ ስለሆነ በየቀኑ ዋጋውን ይመልሳል።

አሳሳሉ ከሚወራለት በላይ ቀላል ነው። ከፊትና ከጎን፣ ከጫፉ በታች ያለው ገጽ ብረቱን እንዳይነካ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ወደ ውስጥ እንዲሸሽ ያድርጉ፣ ጫፏን በጣም ትንሽ ያድቦልቡሏት፣ በመጨረሻም ጠርዙን በእጅ የስለት ድንጋይ ያለስልሱት። ቁራጩን በባዶ እጅ ይያዙት፤ ጣትዎን ሲያቃጥልዎ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ሃይ ስፒድ ጥንካሬውን እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚጠብቅ ጫፉ ሰማያዊ ቢመስል አይደንግጡ። ከአሮጌ ሞረድ የሚሠራ መቁረጫ ግን ያ ቀለም ከታየበት ለስልሷል፣ አይቆርጥልዎትም።

አሁን ወደ ጩኸቱ ልምጣ፤ ባላየውም ከሦስት ቦታዎች ከአንዱ እንደሚመጣ እገምታለሁ። የመጀመሪያው የመቁረጫው ከፍታ ነው። ይህን ለማወቅ ማሽኑን ያጥፉና ቀጭን የብረት ማስመሪያ በመቁረጫው ጫፍና ቸኩ ላይ ባለው ድቡልቡል ብረት መካከል አቁመው በቀስታ ያስጠጉት፣ ማስመሪያው እስኪያዝ ብቻ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ጫፉ ልክ የመሐሉ ከፍታ ላይ ነው። አናቱ ወደ እርስዎ ካዘነበለ መቁረጫው ዝቅ ብሏል፤ ከሥሩ የቆርቆሮ ቁራጭ ይጨምሩለት። አናቱ ወደ ማዶ ካዘነበለ ደግሞ ከፍ ብሏልና ይቀንሱለት። የብረቱን ፊት ሲያስተካክሉ መሐሉ ላይ ጡት የመሰለ ነገር የሚቀርብዎትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ርዝመት ነው። መቁረጫው ከመያዣው የሚወጣው ለሥራው የግድ ያህል ብቻ ይሁን፤ ብረቱም በሌላ ጫፉ ካልተደገፈ ከቸኩ ከውፍረቱ ሦስት እጥፍ በላይ አይውጣ። ሦስተኛው ጠረጴዛዎና የማሽኗ ተንሸራታቾች ናቸው። ቶርኖዋን ያስቀመጡት በቀጭን ጣውላ ላይ ከሆነ ጠረጴዛው እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ እግሩ በአንግል ብረት የተበየደና ግድግዳው ላይ የታሰረ ወፍራም ጠረጴዛ ያሠሩ። ተንሸራታቹ ጎን ላይ ያለውን ቀጭን ማጥበቂያ ብረትም የሚያዞሩት እጀታ ሳይከብድ ንቅናቄው እስኪጠፋ ድረስ በብሎኖቹ ያጥብቁት። ያገለገለ ማሽን ሲገዛ እነዚህ ብሎኖች ላልተው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ፍጥነቱንም አይርሱ። ለስላሳ ብረትን በሃይ ስፒድ ሲቆርጡ በደቂቃ 25 ሜትር ገደማ በቂ ነው። ስሌቱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት ልተወውና፣ ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብረት በደቂቃ 400 ዙር ያህል ይመጣልዎታል፤ ብዙ ጀማሪ ከዚህ በእጥፍ አስሮጦ መቁረጫውን ያማርራል። ለአሉሚኒየም ፍጥነቱን ሁለትና ሦስት እጥፍ ያድርጉት፣ ጫፉ ላይ እንዳይጣበቅም ጥቂት ነጭ ጋዝ ያንጠባጥቡበት።

ከመያዣዎች መጀመሪያ የምገዛው እያንዳንዱ መንጋጋ ለብቻው የሚንቀሳቀስበትን ባለ አራት መንጋጋ ቸክ ነው። ባለ ሦስቱ ፈጣን ቢሆንም ያረጀ ከሆነ ብረቱን ከመሐል አምስት ወይም አሥር መቶኛ ሚሊ ሜትር አሽሽቶ ይይዘዋል፤ ከድቡልቡልና ከባለ ስድስት ጎን ውጪ ያለ ነገርም በደንብ አይይዝም። ባለ አራቱ ላይ መሐሉን በእጅ እየፈለጉ ለማስተካከል መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ይፈጅብዎታል፣ ከወር በኋላ ሁለት ደቂቃ። ቀጥሎ ለኋለኛው ራስ (ከቸኩ ፊት ለፊት ላለው ደጋፊ ክፍል) እስከ 13 ሚሊ ሜትር ፑንታ የሚይዝ ቸክ፣ አብሮ የሚዞር ጫፍና ሁለት የመሐል መብሻ ፑንታ ይግዙ። የፑንታው ቸክና አብሮ የሚዞረው ጫፍ የሚገቡት ሾጠጥ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ስለሆነ፣ ሞርስ የሚባለውን የቀዳዳውን መጠን ቁጥር ሳያውቁ ገንዘብ አይክፈሉ። የቀዳዳውን አፍ ይለኩ፦ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሞርስ 1፣ ወደ 18 ከሆነ ሞርስ 2፣ ወደ 24 ከሆነ ሞርስ 3 ነው። በእርስዎ ልክ ባሉ ማሽኖች የኋለኛው ራስ ብዙ ጊዜ ሞርስ 2 ነው።

በመለኪያ ነገር አንድ ያፈርኩበትን ልንገርዎት። ከፎገራ አንድ ሽንኩርት አምራች የውኃ ፓምፕ ይዞልኝ መጣ፤ አልበሮው (የሚዞረው ዘንግ) ተበልቶ አዲስ ሠራሁለት። አልበሮው ላይ የሚገባው ኩሽኔታ 6204 የሚባለው ነበር፤ የውስጥ ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 47፣ ወርዱ 14 ነው። በካሊፐር ለካሁት፣ 20 አለኝ፣ ኩሽኔታውም በእጅ ገፋ ሳደርገው ስለገባ ደስ አለኝ። ችግሩ እዚያ ላይ ነበር። እንዲህ ዓይነት ኩሽኔታ ከአልበሮው ጋር አብሮ እንዲዞር አልበሮው ከ20.002 እስከ 20.015 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባዋል፣ ማለትም ተመትቶ ወይም ተገፍቶ እንጂ በእጅ መግባት የለበትም። የእኔ ሥራ ጥቂት መቶኛ አንሶ ስለነበር ኩሽኔታው አልበሮው ላይ እየዞረ በላው፤ ሰውየው በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ፣ ሁለተኛውን ያለ ክፍያ ሠራሁ። ካሊፐር፣ ቁጥር የሚያሳየው ዲጂታሉም ቢሆን፣ እንዲህ ያለውን ልዩነት አይለይም። ስለዚህ ከካሊፐሩ ሌላ ከ0 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚለካ ማይክሮሜትርና መቶኛ ሚሊ ሜትር የሚያሳይ ባለ ሰዓት መለኪያ ከማግኔት ማቆሚያው ጋር ይግዙ። ባለ ሰዓቱ ከሌለ ባለ አራት መንጋጋው ቸክ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል። ሦስቱንም መለኪያዎች አዲስ ይግዙ፤ ያገለገለ ሞርሳ፣ ሞረድና ሰጌቶ ግን ከቅዳሜ ገበያ ቢገዙ ምንም አይጎዱም። እንዲያውም የድሮው ከባድ ሞርሳ መንጋጋው እስካልተሰነጠቀ ድረስ ከአዲሱ ቀላል ይሻላል።

ጎንደር ላይ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ሳይገዛ ማሽን ባያስነሳ ይሻለዋል፤ መብራት ሲጠፋ የሚለቅና መብራት ሲመለስ ራሱ የማይነሳ ማብሪያ። ተራ ማብሪያ ያለው ቶርኖ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ እርስዎ ማጥፋቱን ረስተው ብረቱን ለመለካት እጅዎን ሲያስገቡ መብራቱ ከተመለሰ ማሽኑ ከእጅዎ ጋር ይነሳል። ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በአንድ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ኃይል ተይዞ የሚቆይ፣ ኃይሉ ሲጠፋ የሚለቅ ማብሪያ) ያበጅልዎታል፤ በዚያው የመሬት ሽቦውንም ያረጋግጥልዎ። የቸኩን ቁልፍ ቸኩ ላይ ትተው አይዙሩ። መነጽር ያድርጉ፣ ጓንት አያድርጉ። በጥቅምት ብርድም ቢሆን ጋቢ ለብሰው ማሽኑ አጠገብ አይቁሙ፤ የሚዞር ብረት የጨርቅ ጫፍ ከያዘ አይለቅም። ረጅሙን የብረት ፍቅፋቂ በእጅ ሳይሆን በሽቦ መንጠቆ ይሳቡት።

የሚለማመዱበት ብረት ነገር ብዙ ሰው ያታልላል። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም በእሱ ይጀምራል፤ ውስጡ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፣ አንድ ቦታ ለስልሶ ሌላ ቦታ ይጠነክራል፣ ጀማሪውም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። የመኪና ባሌስትራ ደግሞ ሳይለሰልስ በሃይ ስፒድ አይሞከርም። አውቶ ፓርኮ አካባቢ ካሉ ጋራዦች አሮጌ ወፍራም ብሎኖችን ይለምኑ። ራሳቸው ላይ ጠንካራነታቸውን የሚያመለክት 8.8 የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው እንኳ በጥሩ ስለት ደህና ይቆረጣሉ፣ ምንም ያልተጻፈባቸው ደግሞ ይበልጥ ይቀላሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ማሽን በአንድ ሌሊት ስለሚዝግ ማታ ማታ ተንሸራታቹን በዘይት ጨርቅ ማበስ አይርሱ፤ በላዩ ላይ ላስቲክ ግን አያልብሱ፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ወፍራም ጨርቅ ይሻላል።

የፍሬዛ ማያያዣውን የሚገዙት የቁልፍ ቦይ (አልበሮው ላይ የሚገጠመው ዕቃ እንዳይንሸራተት ትንሽ ብረት የሚገባበት) ያለው አልበሮ ሦስተኛ ጊዜ ሲታዘዝልዎት ነው። እስከዚያ ድረስ አልበሮውን ቶርኖዎ ላይ ጨርሰው፣ ቦዩን ብቻ ፍሬዛ ያለው ሱቅ ወስደው ያስቆርጡት።