መልስ፦ በአሜሪካ ፉትቦል ከኮሌጅ ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ ተጫዋች) ስመርጥ፣ ጥሩ ቁጥር ያለውን ላስቀድም ወይስ ክንደ ብርቱውን?

ከወረወረው ኳስ 70 በመቶውን ለቡድን ጓደኞቹ ያደረሰውን በቁጥሩ ብቻ አታስቀድመው። አጭር አጭር ኳስ እያቀበለ ማንም እዚያ ይደርሳል። ጆሽ አለን በኮሌጅ 56 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2018 ድራፍት (ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት) የቡፋሎ ቡድን 7ኛ አድርጎ ወሰደው፣ በኋላም ከሊጉ ምርጥ ኳርተርባኮች አንዱ ሆነ።

እንዲህ አድርግ፦

1. ሦስተኛ ዳውን ላይ (አሥር ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው) ብዙ ያርድ ሲቀረው ያሉትን ጨዋታዎች ብቻ ለይተህ እይ።
2. ተከላካይ ሲደርስበት ዓይኑን እይ። ሜዳው ላይ ይቆያል ወይስ መሸሻ ይፈልጋል? እኔ ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህን ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ከድራፍት በፊት የሚለቀቁ የልምምድ ቪዲዮዎች አያማልሉህ፤ እዚያ ማንም አይጋፋውም። በ2007 አንደኛ የተመረጠው ጃማርከስ ራስል ክንዱ መድፍ ነበር፤ ከሦስት ሲዝን በኋላ ከሊጉ ወጣ። እኔም ያኔ ቪዲዮውን አይቼ አጨብጭቤያለሁ።