ቅድሚያን በነፃ አታድል (ለደሴው ጠያቂ)
ወንድሜ፣ «ደሴ ቢሮ፣ ኮምቦልቻ መጋዘን አለን፤ አንድ ፋይበርና አንድ ፎርጂ መስመር ይዘን ጥሪያችን ይቆራረጣል፤ ጌም ቲዎሪ የሚሉት መፍትሔ ይሆናል ወይ?» ላልከው፦ ይሆናል፣ አብሽር። ጌም ቲዎሪ ማለት እያንዳንዱ ለራሱ የሚበጀውን ሲመርጥ ሁሉም ምን ላይ እንደሚወድቅ የሚያሰላ ሒሳብ ነው። እኔም ኮምቦልቻ ልክ እንዳንተው ያለ ቤት አስተካክያለሁ። የራውተሩን አገጣጠም ታውቀዋለህ ብዬ እዘለዋለሁ።

1. እያንዳንዱ ክፍል የፈጠነለትን መስመር ራሱ ይምረጥ እንዳትል። ሁሉም ፋይበሩ ላይ ይሰፍራል፣ ፋይበሩ ይታነቃል፣ ከዚያ ተያይዘው ወደ ፎርጂው ይገለበጣሉ። ራፍጋርደንና ታርዶሽ የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች፣ መዘግየቱ ከጭነቱ ጋር በቀጥታ የሚያድግ ከሆነ፣ ሁሉም ለራሱ ሲመርጥ ጠቅላላ መዘግየቱ ከምርጡ ድልድል ቢበዛ 4/3 እጥፍ እንደሚሆን አረጋግጠዋል። ይህ ቁጥር ግን አያዘናጋህ። መስመር ሊሞላ ሲል መዘግየቱ ድንገት ነው የሚሰቀለው።

2. ቅድሚያን በነፃ አታድል። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። የትኛው ሥራችሁ አይዘገይም ብዬ ክፍሎቹን ጠየቅኩ። መጋዘኑ «የስልክ ጥሪ ብቻ» ብሎ እውነቱን ነገረኝ። አንድ ቢሮ ግን ባክአፑን (የፋይሎቹን መጠባበቂያ ቅጂ) ሳይቀር፣ ራውተሩ እንዲያስቀድመው ለድምፅ ጥሪ የሚሰጠውን 46 ቁጥር የቅድሚያ ምልክት አስለጠፈበት። መኪና በር ላይ ቆሞ መጋዘን ጠባቂው ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ «ሰሌዳው ሦስት... ሃሎ... ሦስት ነው ያልኩህ!» እያለ ሲጮህ አሁንም ይሰማኛል። ኃላፊው ዘንድ ሄጄ ባስረዳ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የኛ ሥራ ሁሉ አስቸኳይ ነው፤ አንተ ኬብልህን ተመልከት» አለኝ። ሌላው ደግሞ ጥሪውን የሚያቆራርጠው «ተራራው ነው» ይላል። ምን ተራራ! ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፣ በአዲስ አበባ ዞሮ ቢመጣም ጥቂት ነው። ለጥሪ በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ይበቃል፤ እኛን የገደለን ራውተሩ ላይ የተከማቸው ወረፋ ነበር።

ያዳነን ዋጋ ማውጣቱ ነው። ለየክፍሉ በየሳምንቱ እኩል ነጥብ ሰጠሁ፤ ቅድሚያ ነጥብ ይቆረጥበታል፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ውድ፣ ሌሊት ነፃ። ነጥቡ ያለቀበት አይቋረጥም፣ ተራ ወረፋ ይገባል። ከተጠቃሚ የሚመጣውን ምልክት ራውተሩ ይሰርዝና በነጥቡ መሠረት የራሱን ይለጥፋል፤ ይህችን ከረሳሃት ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ያ ቢሮ ባክአፑን ማንም ሳይለምነው ወደ ሌሊት አዞረው! በዚህ እኮራለሁ።

ማኪ ሜሰንና ቫሪያን የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓኬቶች (መረጃ ተቆራርጦ የሚላክባቸው ቁርጥራጮች) እንዲጫረቱና ያለፉት ሁሉ፣ የወደቁት ካቀረቡት ዋጋ ከፍተኛውን እንዲከፍሉ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ እንደዚያ ሲሆን ዋጋ አጋንኖ ማቅረብ ትርፍ የለውም። ግሩም ሐሳብ ነው፣ ለአንድ ቢሮና ለአንድ መጋዘን ግን ጨረታ ይበዛል፤ የዋጋ ሰንጠረዥ ይበቃሃል።

ሰንጠረዡን የክፍል ኃላፊዎቹ ሳይፈርሙበት ራውተሩን እንዳትነካ። ያ ኃላፊ ዳግም ሊጮህብኝ ሲመጣ ያስመለሰልኝ የገዛ ፊርማው ነው።