የሞተር ሳይክልን ካታሊስት ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሞተር ሳይክል ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ጋራዥ ውስጥ በአጭሩ ካታሊስት ስለምንለው፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ሰው የጠየቀው ከማርሚታው፣ ማለትም ከጭስ ማውጫው፣ ስለማውጣት ነው።

ጋሼ፣ ካታሊስት ምንድን ነው? የኔ ሞተር ላይ መኖሩንስ በምን አውቃለሁ?

እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ ወይም ብረት ነው። ቀዳዳዎቹ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየም ወይም በሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ጭሱ በዚያ ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለወጣሉ። ደህና አድርጎ የሚሠራው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሲግል ነው።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሲሊንደሩ የሚወርደውን ቱቦ ተከተል። መሃል ላይ ወፈር ያለ ቦታ ካለ እሱ ሊሆን ይችላል። ማርሚታው ውስጥ የሚደበቅም አለ። እኛ አገር ከሚነዱት የካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ሞተሮች ብዙዎቹ ግን ጭራሽ የላቸውም። ስለዚህ ሳታረጋግጥ ጤነኛ ማርሚታ እንዳታስቆርጥ።

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ አደርሳለሁ። ሞተሬ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም። መካኒኩ «ካታሊስቱ አፍኖት ነው፣ እናውጣው» አለኝ። እውነት ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል። አየር ሲያንስ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ካታሊስት ማውጣት አይመልሰውም።

ካርቡራቶር ከሆነ ሌላ ጣጣም አለ። ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ጂግለር፣ ማለትም ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን በቀዳዳው የሚያሳልፈው ቁራጭ፣ እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፍታና ተመልከት። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ያኔ የአየር ፊልትሮውን አጽዳ፣ ጂግለሩንም በአነስተኛ ቀዳዳ አስለውጥ። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ፣ ፍሬኑ እየያዘ፣ ቫልቩ ሳይስተካከል ከርሞም ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ካታሊስት ከማስቆረጥ ይረክሳሉ።

የታፈነ ካታሊስት ጠባዩ ይለያል። ሞተሩ በቀስታ ደህና ይሄዳል፤ ጋዝ ስትጨምር ግን ዙሩ አልወጣ ይላል። ቀዝቅዞ ሳለ ቱቦውን በጎማ መዶሻ ቀስ ብለህ መታ መታ አድርገው። ካንቋቋ ውስጡ ተሰብሯል። ኦክሲጅን ሴንሰር (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን የሚለካ ዕቃ) ያለው ከሆነ ደግሞ ጋራዡ ሴንሰሩን ፈትቶ በቀዳዳው የጭሱን ግፊት በጌጅ ይለካልሃል። ሳይለካ «አፍኖታል» የሚልህን አትመን።

ካወጡት በኋላ «ሞተሩ ነቃ» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ።

የነቃው በአብዛኛው ድምፁ ነው። ድምፁ ሲጎላ ፍጥነት የጨመረ ይመስላል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ጤነኛ ካታሊስት ብቻ ቢወጣ፣ በትንሽ ሞተር ላይ የሚገኘው ጉልበት ኢምንት ነው። ጭሱ ሲቀለው ድብልቁ ቤንዚን ሊያንሰው ይችላል። ያኔ ሞተሩ ይግላል፤ ጋዝ ስትለቅም ማርሚታው ይተኩሳል።

ጭሱንም አስብ። ቀይ መብራት ላይ ከኋላህ የሚቆመው እንዳንተው ፊቱን ያልሸፈነ ሞተረኛ ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የምንውል ሰዎች ይህን ለእርስ በርሳችን ልንጠነቀቅ ይገባል እላለሁ።

የኔ ኢንጀክሽን፣ ቤንዚኑን በኮምፒዩተር የሚረጭ፣ ነው። ኦክሲጅን ሴንሰሩ ያለው ከካታሊስቱ በፊት ነው። ታዲያ ኮምፒዩተሩ በምን ያውቃል?

ላያውቅ ይችላል፤ መብራትም ላይበራ ይችላል። ረጋ ብለህ ስትነዳ ሴንሰሩ ድብልቁን ያስተካክላል። ጋዙን እስከ ጥግ ስትከፍት ግን ኮምፒዩተሩ ሴንሰሩን ትቶ ለኦሪጅናሉ ማርሚታ በተሞላለት ልክ ነው የሚረጨው። ቤንዚን ቢያንስ የሚያንሰው እዚያ ላይ ነው፤ ሞተር የሚጎዳውም በዚያ ሰዓት ነው።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እዚህ ባስወጣውስ?

ተው። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ማውጣቱንም፣ ለማውጣት የተሠራ ዕቃ መሸጡንም ይከለክላል።

አንዲት እህት ከሐዋሳ፦ ካታሊስቴ ተለውጦ ብዙም ሳይቆይ ዳግመኛ ተበላሸ። ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን የገደለው አሁንም ሞተርሽ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ካታሊስት ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም። ካንዴላ አልፎ አልፎ እሳት ሳይሰጥ ሲቀር ያልነደደው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፤ ሴራሚኩንም ያቀልጠዋል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ካለቀ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ የዘይቱ ፎስፈረስ ቅቡን ይሸፍነዋል። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ እየነቀለ የሚፈትሽ መካኒክም ካለሽ አስቁሚው። ድሮ እርሳስ ያለበት ቤንዚንም ይገድለው ነበር፤ ያ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች በ2006 እ.ኤ.አ. ቀርቷል።

ዘይትሽን በየሳምንቱ ለኪ። እየጎደለ ከሆነ ሦስተኛ ካታሊስት ከመግዛትሽ በፊት ፋሻውን አስለውጪ።

ቁራሌው የወጣውን ካታሊስት ልግዛህ አለኝ። ምን ያደርግለታል?

ፕላቲኒየሙን ፈልጎ ነው። ከአንድ ሞተር የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው፤ አዲስ የመግዣውን ዋጋ አይሸፍንልህም።

ራሴ በብረት ሰባብሬ ባወጣውስ?

በፍጹም። ሴራሚኩ የተጠቀለለበት ምንጣፍ እንደ ቃጫ የቀጠነ የሴራሚክ ክር ነው። ሲሰበር ይቦናል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

መሞቱ ተረጋግጧል፤ ኦሪጅናሉ ደግሞ ውድ ነው። ምን ላድርግ?

ለሞተርህ መጠን የሚሆን ለብቻው የሚሸጥ ካታሊስት ፈልግና በቦታው አስበይደው። ትንሽ ከሆነ ያፍናል፤ ከሞተሩ በጣም ከራቀም በቂ ሙቀት አያገኝም። ብየዳው ከሴንሰሩ በፊት አየር ካስገባ፣ ሴንሰሩ ቤንዚን ያነሰ መስሎት ያስጨምራል፤ አዲሱንም ካታሊስት ያቃጥልብሃል። ስለዚህ ከጋራዡ ሳትወጣ ሞተሩን አስነሳና፣ ቱቦው ሳይግል መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀባው። አረፋ ከሠራ ድጋሚ ይበየድ።